ጭሱም ይግባ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን፤ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፤
ስንሻው ካሜራውን እንደ ጫጩት ከጃኬቱ ስር አቅፏል።
ሦስት ነን፤ ካሜራው አንድ፣ እሱም የተዋስነው፣
ባትሪው በብርድ የሚሞት፣ በብብት የምናሞቀው።

«ዝገቱ እንዴት ያምራል!» አለች ውዳላት፣
የተከረቸመችውን የክር ፋብሪካ በር ጠጋ ብላ ስታያት።
ዝም አልኩ። እኔ የማውቀው ሳሉን ነው፣
በየማታው ከዚህ በር አባቴን ቀድሞት ይወጣ የነበረው።

ዘበኛው ብቅ አሉ፣ ጋቢያቸው እስከ ዓይናቸው።
«ፎቶ ክልክል ነው።»
ደግሞ ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦
«ክልክሉ ማሽኑ ነው። እኔን ማን ከለከለኝ?»

ገብተው ቆዩ።
ሲመለሱ ሰማያዊ ቱታ፣
አንድ ቁልፍ የጎደለው፣ ግን የተተኮሰ።
«ሃያ ሁለት ዓመት ፈታይ ነበርኩ፤
ጭስ ማውጫው ከኋላዬ ይግባ፣
ጭሱም ይግባ።»

ጭስ የለም።
ማናችንም አልነገርናቸው፤
እሳቸውም ዞረው አላዩ።
«ይተንፍሱ» አለ ስንሻው።
ተነፈሱ።

ማታ በካሜራዋ ትንሽ መስታወት ተደራርበን ስናየው፣
ከትከሻቸው በላይ፣ ከጡቡ አፍ፣
ነጭ እስትንፋስ ይትጎለጎላል፤
ፈረቃ የገባ ይመስላል።