ሲስተም እስኪመጣ

«ሲስተም የለም» አለች ልጅቷ በመስኮት
አንገቷን ሳታቀና፣ ጧት በሦስት ሰዓት።
የቸርችልን ዳገት በእግሩ ጨርሶ
የመጣው ሰው ሁሉ፣ ትንፋሹን መልሶ፣
ፎርሙን በላስቲክ፣ ፎቶውን በፖስታ
እንደያዘ ቀረ ከወረዳው ግቢ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣ ከዚያች ጠባብ ቦታ።

የኔ ቁጥር ሠላሳ ሰባት።
መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበት
ባንክ ቤት «አላውቅህም» ካለኝ ሳምንት ሆነ፤
ዘበኛው «እኔስ አውቅሃለሁ፣ እንቢ ያለው ማሽኑ ነው» ብሎኝ አዘነ።

መጀመሪያ ድምፅ መጣ፤
ጢ… ጢ… ጢ… ቀጭን፣ መርፌ ጨርቅ በስቶ እንደሚወጣ።
ከአጥሩ ጥግ ያለችው ወይራ
ነፋስ ሳይነካት፣ ቅጠል ከቅጠሏ ሲጣራ
አየሁና መቁጠር ጀመርኩ፤ ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ…
አንዱ ሲሄድ ሁለት ይመጣል፤ የቆጠርኩት ካልቆጠርኩት ጋራ
ተደባለቀብኝ።

«ድንቢጥ ናቸው» አሉ ከፊቴ የቆሙት፣
ጋሽ ቸሩ፤ ፒያሳ ሠላሳ ሁለት ዓመት
መነጽር ሲጠግኑ ወገባቸው የጎበጠ፣
ዛሬ መሸኛ ሊያወጡ የመጡ።
«ትንሽ ወፍ ሁሉ ድንቢጥ ነው፤ ምን ይመረመራል።»

«ኧረ ጋሼ!» አለች ግቢ የምትጠርገው
ፀዳለ፣ መጥረጊያዋን አገጯ ሥር ተክላ፤
«ድንቢጥማ ያውልዎት፣ ከአግዳሚው በታች ፍርፋሪ ሲበላ፤
ቡኒ ኮት የለበሰ፣ መሬት ለመሬት የሚዘል፣
የሰው ጫማ የለመደ፣ ሲያባርሩት ትንሽ ገለል የሚል።
ምንቃሩን ይዩታ! አጭር ነው፣ ወፍራም ነው፤
ጥሬ ሊሰብርበት የተሰጠው።
ሽቦው ላይ ያሉት ደግሞ ሌላ ናቸው፤
አቧራ መሳዮች፣ ነጭ ቅንድብ አላቸው።
የወይራዋን ግን ዝም ብለው ይጠብቁ፤ ይወርዳሉ ራሳቸው።»

ጠበቅን። እሱንማ ማን ይችለናል።

አንዱ ወረደ። ከቀንበጥ ጫፍ ቁልቁል ተንጠልጥሎ
ከቅጠል ሥር ነፍሳት ነጥሎ
ሲለቅም አየነው፤ ጀርባው የሎሚ ቅጠል፣ ጉሮሮው ቢጫ፣
ምንቃሩ ወረንጦ፣ የእሾህ ማውጫ፤
በዓይኑ ዙሪያ ነጭ ክብ፣ በኮምፓስ የተሳለ የሚመስል።
ጋሽ ቸሩ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ «ይሄማ… መነጽር አድርጓል!»

የራሳቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠርዝ ጠረጉ፣
እንደ ሐኪም እየተጠጉ፤
«ክብ ፍሬም፣ ቀጭን፣ ነጭ። እንዲህ ያለ ዕቃ ድሮ ከጣሊያን ይመጣ ነበር።
ከሱቄ ፊት ጥድ ነበረ። ሲነጋም ሲመሽም ጢ ጢ ይል ነበር።
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ የሰው ዓይን ስለካ፣
ድንቢጥ ነው እያልኩ፣ ቀና ሳልል ለካ…»
አሉና አልጨረሱም።
ሱቁም ጥዱም አሁን የሉም።

ፎርሙ ላይ አንድ መስመር አለ፤ «ልዩ ምልክት» ይላል።
ሁሌም «የለም» ብዬ እሞላለሁ፤ ሳላስብ እጄ ይጽፈዋል።

ስማቸውን ብጠይቃት ፀዳለ ሳቀች፤
«እኔ መነጽሬ ነው የምላቸው» አለች።
«የመጽሐፉን ስም አላውቅም።
ስጠራቸው አይመጡም፣ ባልጠራቸውም አይቀሩም።»

«ሲስተም መጣ!»
ሰልፉ እንደ ተረገጠ ጉንዳን ታመሰ፤ ክርን ከክርን ተጋጨ፣ ሁሉም ቁጥሩን ሊያወጣ።

ጋሽ ቸሩ ከመስኮቱ ደረሱ።
«መሸኛው ወዴት ይጻፍ?»
ዞር ብለው ወይራዋን አዩ። ባዶ ናት።
ጢ ጢው ከአጥሩ ማዶ፣ ከታክሲ ጡሩምባ ሥር፣ እየራቀ ይሰማል።
«አባዶ» አሉ ቀስ ብለው። «ብሎክ ሁለት መቶ ስድስት።
ችግኝ ተተክሏል፤ ገና ወፍ አልያዘም።»
ልጅቷ ቀና አለች፣ ለዛሬ የመጀመሪያዋ ነው፤
«እሱን የሚሞላበት ቦታ የለውም፣ ጋሼ።»

ማኅተም። ሌላ ማኅተም።

«ሠላሳ ሰባት!»

አቤት።