ሰም ተኳሽ

ክራንስካ ጎራ፣ ከጋራው ሥር፣ ድርቆሽ ከሚሸት ጎተራ፣
ሌሊት በዐሥር ሰዓት፣ እንቅልፌን ትቼ ስሠራ፣
ካውያዬን አግዬ፣ የስኪውን ሆድ ገልብጬ፣
ሰሙን ጠብ ጠብ ሳደርግ፣ በጭሱ ዐይኔን አፍጥጬ፣
ዝላትኮ ይመጣል፤
በካልሲው ብቻ፣ ዳቦ እያኘከ፣ ከደጃፉ ይቆማል።
«ዛሬስ ምን ቀባኸኝ?» ይላል።
«ሰማያዊውን» እላለሁ። «ብርዱ ጠንክሯል።»
ይሄ ነው ሰላምታችን፤
ሌላ ወግ አያውቅም አፋችን።

ሰው ሲጠይቀኝ ሥራዬን፣
«ለፊልም ተኳሽ ነኝ» እላለሁ፣ ደብቄ ካውያዬን።
ውሸት አይደለም እኮ፦
አንዱ በሽጉጥ ይተኩሳል፣ አንዱ በካውያ ተንበርክኮ።

አንድ ሌሊት እንዲህ አልሁት፦ «ባገሬ፣ ቃል ሁለት ካዘለ፣
ላዩን ሰም ይሉታል፤ ወርቁ ግን ከሥሩ አለ።
አንጥረኛም እንደዚያው ነው፦ ወርቁ ሲፈስስ ሰሙ ይቀልጣል።»
ሳቀ። «ዝላትኮ» አለ፣ «በኛ ቋንቋ ‹ወርቁ› ማለት ይሆናል።
ሰሙ ማን እንደሆነ ግን፣ ያችን ቢጫ ጃኬት ጠይቃት።»
ከምስማሩ ተንጠልጥላለች። ዞረን አየናት።
ሁለት ናት እሷም፦ አንዷ የሱ፣ የተጣፈ ክርኗ፤
አንዷ የተዋናዩ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ የታጠፈች በሣጥኗ።

ከቨርሺች ማለፊያ በላይ፣ ተራራው ጥርሱን ካገጠጠበት፣
ሠላሳ ሜትር ባዶ አየር አለ፣ ቁራ የሚንሳፈፍበት።
ወረቀቱ ላይ አንዲት መስመር ናት፦ «ይተኩሱበታል፤ ይዘላል።»
ደራሲው ይህን ሲጽፍ፣ ምናልባት ሻዩን ያማስላል።

የመጀመሪያው ዝላይ አማረ፤
ዳይሬክተሩ ሆልገር ግን «ደመና ጋረደን» ብሎ አማረረ።
ሁለተኛውም አማረ፤ የሄሊኮፕተሩ ጥላ ገባበት።
ለሦስተኛው፣ ስኪውን ተሸክሜ እስከ ጫፉ ወጣሁለት።
ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አየሁ፤ ማየቴንም አየ።
«ብርዱ ነው» አለ። ጥቂት ቆየ።
ከዚያ ስለ ጥርሱ አወራኝ፦ መንጋጋው፣ በቀኝ በኩል፣
ሐሙስ ቀጠሮ እንዳለው፣ ሐኪሙ ነቅሎ እንደሚተክል፣
ሒሳቡም ከዚህች ዝላይ እንደሚከፈል።
እኔ ስለ ሞት ላወራ ነበር ያሰብሁት፤
ስለ መንጋጋ እያወራን ማሰሪያውን ቆለፍሁት።

ከታች ቀይ ጨርቅ ተውለበለበ።
ዐውራ ጣቱን ላሰ፣ ነፋሱን ለካ፣ ጎንበስ አለ፤ ጋለበ።

ስኪ በረዶ ሲቀድ፣ አቡጀዲ እንደሚተረተር ነው ድምፁ።
ከዚያ ይቆማል።
የሚያስፈራው ዝምታው ነው።
በዝምታው ውስጥ አንዲት ቢጫ ነጥብ፣ ወደ ግራ ያዘነበለች።
አንድ። ሁለት። ሦስት ልል ስል አፌ ላይ ቀረ፤
በረዶው አቧራ ሆኖ ተነሣ፣ ቢጫው በነጩ ተሰወረ።

ወጣ። በአንድ እግሩ ወጣ። ሌላው ስኪ ለብቻው ቁልቁል ሄደ፤
ደህና ነኝ ለማለት እጁን ሊያነሣ ሲል፣ ትከሻው ከቦታው ወረደ።
«ግሩም!» አለ ሬዲዮው። «እሷን ነው የምንወስዳት።»
ተዋናዩ ከሞቀው መኪና ወረደ፤ አገጩ ላይ በረዶ ነሰነሱበት፤
ካሜራው ተጠጋ። አቃሰተ። «አመለጥሁ» አለ።

ግንቦት ላይ፣ በየሴኒጼ ከተማ፣ ከብረት ፋብሪካው ጀርባ ካለ ሲኒማ፣
እናቱን ማርዬታን ይዘን ገባን፤ ጆሮዋ እምብዛም አይሰማ።
የተዋናዩ ፊት ሸራውን ሲሞላ፣ «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለች፤
ሰዉ ሁሉ ዞረ፤ እሷ ከረሜላዋን ፈትታ ጎረሰች።
ገደሉ መጣ። ቢጫዋ ነጥብ አዘነበለች። እጄን ጨመደደችኝ፤
«አባቱም እንዲሁ ነበር» አለችኝ፣
«ጫማው ሁሌ በግራ ያልቃል።
አጥቤው ነው ያደገ፤ እናት ጀርባ ታውቃል።»

ዝላትኮ ግን ያችን ሦስት ሰከንድ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር፣
መብራት ሲበራ ነገረኝ፣ እያፈረ እንደ ሕፃን፣ በሹክሹክታ።
ስሙ በመጨረሻ መጣ፣ ከምግብ አቅራቢዎቹ ኋላ፣
ጽዳት ሠራተኛዋ ስትገባ መጥረጊያዋን ይዛ፤
አንድ ፊደል ተገድፎ።
አንድ ፊደል ከሆነስ፣ በኔ ቋንቋ ‹ስሙ› ‹ሰሙ› ነው።

አሁን ጎተራው ቀዝቅዟል። ከወለሉ ላይ
የዚያን ሌሊት የፈሰሰ ሰማያዊ ሰም አለ፣ ሳንቲም የሚያህል፤
መሐሉ ላይ የዐውራ ጣት አሻራ።
ዳቦውን እያኘከ፣ ሙቀቱን ሊለካ ተጭኖት ይሆናል።
ልፍቀው ብዬ ቢላ አነሣሁ፤
ቢላውን መለስሁት።