ማርከሻ

ሐምሌ ነው። መብራት ሄዷል። አዌቱ ሞልቶ ይጮሃል፤
ቆርቆሮውን ዝናብ እንደ አበዳሪ ይደበድባል።
ሄርማታ፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ፣ በሦስት እግር በርጩማ ላይ
አራት ሆነን በአንድ ሻማ፣ አገር ስንፈጥር ያለ ፀሐይ።

ሕጉን ረውዳ ናት ያወጣችው፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከደብተሩ ራስ፦
«ማርከሻ የሌለው ፍጡር ከጨዋታው አይገባም፤
ቀዳዳ የሌለው ቤት አየር አያስገባም።»

እናም ተከራከርን። የቦዬዋ ጉማሬ፣ ሌሊት ሴት የምትሆነው፣
በምን ትረታ? ረውዳ፦ «በጨው»። ፊራኦል፦ «ጨው የሁሉም ነው!
ጂኒው በጨው፣ ጭራቁ በጨው፣ ወጥ እየሠራን ነው እንዴ?»
ሳቅን። በመጨረሻ፦ ስትስቅ ትያዝ፣ ጥርሷ ሲታይ አንዴ።

የጂሬኑን ጉም፣ መንገደኛ የሚውጠውን፣ ፊራኦል «አይነካም» አለ፤
ሦስት ሳምንት ተሟገተ፣ ጉሙን እንደ ታናሽ ወንድም አዘለ።
ተረታ በኋላ፦ ጉሙ ይፈራል የአውራ ዶሮ ጩኸት፤
እሱም እንደዚያው ነው፣ አይወድም በማለዳ መነሣት።

እኔ ደግሞ፣ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ አመጣሁ አንድ የራሴን፦
«ቀን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ማታ ጅብ የሚሆን፤
ዓይኑ ያረፈበት ልጅ ይከሳል፣ ላም ወተቷን ትነሳለች፤
ማርከሻው ጤና አዳም፤ ነጭ ሽንኩርት የያዘች አራስ ታመልጣለች።»
እናቴ የነገረችኝን ሁሉ ቃል ሳላስቀር ዘረገፍኩ፣
ሊጠፋ የሚውተረተረውን ሻማ በመዳፌ እየጋረድኩ።

ቶሌራ ዝም አለ።
ዕጣ የምንጥልባትን ብረት፣ ባለ ስድስት ጎኗን፣
በጣቶቹ አገላበጠ። አባቱ ነው የሠራልን፣
ከጋሪ ብሎን ቆርጦ፣ ነጥቦቿን በምስማር ወግቶ፣
ለሁላችንም። በነፃ።

«እኔ ልጻፍለት» አለ። እጁ አልተንቀጠቀጠም።
«ጤና አዳም አይነካውም፤ ሽንኩርት ይበላል እንደ ማንም።
ማርከሻው፦ ጣሳ፤ ውሃ ሲጠማው ለብቻው የሚቀዳለት።
ማርከሻው፦ ልጇን በሻሿ የምትሸፍን ሴት፣ እሱ ባለፈ ሰዓት።
ማርከሻው፦ የሠራውን ማረሻ ወስዶ፣ እጁን አለመጨበጥ።
በዚህ ይሞታል፤ ሌሊት አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ሥራው ላይ እንደተቀመጠ፣ ብረት ሲቀጠቅጥ።»

ረውዳ ቀይ እስክሪብቶዋን ከደነች።
ፊራኦል ከጠረጴዛው ላይ ሰም ይልጣል፣ የተላጠውን መልሶ ይልጣል።
መብራት መጣ።
ማንም «መጣ!» ብሎ አልጮኸም።

እቤት፣ ከውጭ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት፤
የድልህ ጣሳ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት፣
ለምን ውጭ እንደሚያድር አንድ ቀን ያልጠየቅሁት።
የቶሌራ አባት የበራችንን ማጠፊያ ሊያስር የመጣ ዕለት
እናቴ በሱ አጠጣችው፤ ከዚያ በአመድ አጠበችው፣ ሁለት ጊዜ፣
እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ ዳቦ እየገመጥኩ።

ዝናብ ሞልቶታል። አንሥቼ ጠጣሁት።
ዝገት ዝገት ይላል እንጂ፣ ውሃ ነው።

ከገጹ አናት የጻፍኩትን የፍጡር ስም ሰረዝኩት፤
የቶሌራን ጽሕፈት ግን እንዳለ ተውኩት።
ቅዳሜ ይመጣ ይሆን? ብረቷን ረስቷት እኔ ኪስ ናት።
ጣሳውን ይዤ እሄዳለሁ። ከሄድኩ በኋላ ምን እንደምል
አላውቅም። እሄዳለሁ።