መጥረግ
(ቡራይሚ፣ የጭቃው ምሽግ)

«ግድግዳውን አትንኩ» ይላል የበሩ ጽሑፍ፤
እኔ ግን በየንጋቱ፣ ጎብኚ ሳይሰለፍ፣
እግሩ ሥር ጎንበስ ብዬ አቧራውን ሳፍስ፣
የማነሳው እሱኑ ነው፣ ምሽጉን፣ ቀስ በቀስ።

«ከበረሃው ወዲያ ጦሩ መጣ ተምሞ፣
በአንድ ማለዳ ጠረገው» ይላል ሱሌይም፣ ከመድፉ ጎን ቆሞ።
ሳቄን ዋጥ አደርጋለሁ፤ መጥረግ እንዲህ ቢቀል!
እኔስ በአንድ ማለዳ መቼ አበቃሁ ልበል?
ማታ ነፋስ ይመጣል፤ ያባረርኩት አፈር
ተመልሶ ይሰፍራል፣ ድንኳን እንዳለው ጦር።

ጭቃው ጭድ አለበት፤ ሳየው አውቀዋለሁ፤
ለጎተራ ምርጊት በእግሬ አቡክቻለሁ።
ይሄንንስ የማን እግር አቦካው? ሱሌይም አያወራ፤
ያዘመተውን ብቻ ነው በስም የሚጠራ።

ሰገነቱ ላይ ስወጣ፣ ከሽቦው አጥር ማዶ፣ አል-ዐይን።
እህቴ ይታክቱ እዚያ ታጥባለች ምንጣፍ፤
የሷ ቪዛ እዚህ አያደርስ፣ የኔም እዚያ አያልፍ።
መድፉ አፉን ወደ ሰፈሯ እንዳዞረ ቀርቷል፤
ወፍ ጎጆ ሠርታበት ጭራሮ ሞልቶታል።

እሱንም ጥረጊ ብለውኝ ነበር።
አልጠረግሁም።