ባለቤቱ፦ ማንም

ደብዳቤ ደረሳት፣ ከሞንቴቪዴዮ፣ በማታውቀው ስም፤
«እመቤት፣ ይቅርታ፤ ማስቸገር ልማዴ አይደለም።
ከአንቺ ዘንድ የሚነሣ፣ አንድ የማይታክት፣
ደጄን ይመታዋል በየአርባ ሰከንዱ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት።
አልከፍትለት ነገር፣ ማን እንደሆነ አላውቅ፤
ሌባ እንዳልለው ደግሞ፣ ሌባ መች ያንኳኳል ሰዓቱን ሲጠብቅ?
እባክሽ ፈልጊው። ኤባሪስቶ ነኝ፣
የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ማሽን አደራ ያለብኝ።»

ኢሳፍዮርዱር ወደብ፣ ከሚጮህበት ክፍል ጀርባ የዓሣው ጨረታ፣
ስታይንቮር ተቀመጠች፣ በረዶውን ሳታራግፍ፣ ተርሚናሉን ከፍታ።
ሰርቨሯ ስሟ ሎአ ነው፤ የወፍ ስም ነው፣ የጸደይ፤
አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች፣ አቧራ ለብሳ፣ ሳታይ ሰማይ።

«ኤስኤስ» ብላ ጻፈች። መስመሮች ወረዱ፤
ይሄ የሚዛኑ፣ ይሄ የባንኩ፣ ስማቸው እየተጠራ አንድ ባንድ ሄዱ።
ያ ግን የለም። ደግማ አየች። የለም።
ለአፍታ ብቅ ብሎ የሚጠፋን ነገር አንዴ በማየት አይዙትም።
በየሰከንዱ እንዲታይ አዘዘች፤ አገጯን በመዳፏ ደግፋ
ጠበቀች፣ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ፣ የክሬኑ ድምፅ እስኪጠፋ።

ብቅ አለ።
አንድ መስመር፣ ሰላምታ ልኮ አጸፋ የሚጠብቅ።
ለኔትወርክም ወግ አለው፦
አንዱ እንደምን ዋልክ ይላል፣ ሌላው ደህና፣ አንተስ?
ሦስተኛው ቃል ሳይደርስ ወሬ አይጀመርም።
ይኸኛው በመጀመሪያው ቀርቷል፤ እጁን እንደዘረጋ።

ሁለቴ አመለጣት። በሦስተኛው ቁጥሩን ያዘች፣
«ባለቤቱ ማነው?» ብላም ጠየቀች።
ሎአ መለሰች፦ ማንም።

«ማንም» የሚባል ተጠቃሚ አለ፤ ሥልጣን የለው፣ ቤት የለው፣
ጠንቃቃ ሰው፣ ጥፋት እንዳይደርስ፣ ሥራ የሚሰጠው።
ሰርጎ ገብም ይወደዋል።
እዚህ ላይ ነው እጇ የቀዘቀዘው፤ ከበረዶው አይደለም።
ኬብሉን ልትነቅል ተነሣች፤ ውጭ ግን ጨረታው አላለቀም።
ተመልሳ ተቀመጠች።

ፋይሉን ከፈተችው። ሃያ ሦስት መስመር።
ከወደቡ አፍ ላይ ካለ መለኪያ የባሕሩን ከፍታ የሚጠይቅ።
መለኪያው ከተነቀለ ሰባት ዓመት፤
አድራሻው ተሸጦ፣ ዳግም ተሸጦ፣
ውቅያኖስ ተሻግሮ ኤባሪስቶ ደጅ ላይ ተለጥፏል።
ከሁሉም በላይ፣ በአናቱ፣ አንድ ማስታወሻ፦
«ጊዜያዊ ነው። ሰኞ አጠፋዋለሁ። ስ.»

በዚህ ቢሮ ስሙ በስ የሚጀምር አንድ ሰው ብቻ ነበረ።
አሁንም አለ፤ ጃኬቱ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ።
የትኛው ሰኞ?

ገደለችው። የሙያው ቃል ይኸው ነው፣ የለዘበ አልተገኘለትም።
ለኤባሪስቶም ጻፈች፦ «ሌባው ተያዘ። እኔ ነኝ።»

መልሱ ማታ መጣ፦
«ደጁ ጸጥ ብሏል፤ ምስጋናዬ ይድረስሽ።
በየአርባ ሰከንዱ ግን ጆሮዬ ይነሣል።
ለመሆኑ፣ ባሕራችሁ ስንት ደርሷል?»

መለኪያ የለም።
ስታይንቮር መብራት ይዛ ወደ ወደቡ ወረደች፤
ከብረት መሰላሉ አራት መርገጫ ውሃ ውስጥ ነበር፣
አምስተኛውን ማዕበሉ አንዴ ይሸፍነዋል፣ አንዴ ይተወዋል።