ከቃለ ጉባኤው የቀረ

ዮንግሳን፤ ከምድር በታች ሦስተኛ ወለል፤
ስልካችን ሁሉ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ይውላል፤
በር ላይ የቆመው ወታደር መታወቂያዬን አንብቦ፣
“ናምጉንግ፣ ጸሐፊ” ይለኛል ፊቱን ሰብስቦ።

በዓመት አራት ጊዜ እዚህ እቀመጣለሁ፤
ከአፋቸው የወጣውን ቃል እከተላለሁ።
ሳል አይጻፍም፤ ሣቅ አይጻፍም፤ ዝምታም አይጻፍም፤
በደንባችን መሠረት፣ ያልተባለ አልሆነም።

ያን ቀን ውጭ በረዶ፣ ውስጥ የገብስ ሻይ፤
ዐሥራ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ካርታ ግድግዳ ላይ።
ጡረታ የወጡ ጄኔራል፣ የፊዚክስ መምህር፣
ባንክ ሲመራ የኖረ፣ ስለ ወጪ የሚከራከር፤
ስለ ዛሬ አይደለም የሚመክሩት እነርሱ፣
ከሃያ ዓመት ወዲያ ነው፤ ግማሾቹ ላይደርሱ።

ሰብሳቢው ጄኔራል ፕዮ መነጽራቸውን ጠርገው፣
“ተራ ቁጥር ሦስት” አሉ አጀንዳውን ገልጠው፤
“የረጅሙ ክንዳችን ጉዳይ፤ እስከ የት ይድረስ ነው።”

ወጣቱ ኮሎኔል ተነሣ ኮምፓስ ይዞ፣
መርፌውን ከኛ ተከለ፣ እርሳሱን ወደ ሰሜን መዞ
ክብ አሰመረ፤ ቀጥሎም ከርሱ የሰፋ ክብ፣
ጠጠር እንደ ወደቀበት ጸጥ ያለ የኩሬ ልብ።
“በመጀመሪያው” አለ “የባቡር መጋጠሚያ፤
በሁለተኛው ደግሞ ሁለት የአውሮፕላን ማረፊያ፤
ሦስተኛው ብዙም የለው፤ ተራራ ነው፣ ጥቂት መንደር።”
እዚህ ላይ ሲጢጥ አለ የዶክተር ታክ ወንበር።

ታክ ሙንሆ የብረት ሰው ናቸው፤ የእሳት ጠባይ አዋቂ፤
ሰማይ ሲፋጅ የማይቀልጥ ቅይጥ የቀመሙ፤ ጥቂት ተናጋሪ፣ ብዙ ጠያቂ።
ያን ቀን ግን የጠየቁት የብረት አልነበረም፤
“ያቺ መንደር” አሉ “ስሟ ካርታው ላይ የለም?”
ኮሎኔሉ ተጠጋ፤ ወረቀቱን ዳሰሰ፤
“ቁጥር ነው ያላት፣ ዶክተር” ብሎ መለሰ።

በሻይ ዕረፍት፣ መተላለፊያው ላይ፣ አጠገቤ ቆሙ፤
ኩባያው በእጃቸው በረደ፤ አንዴም አልቀመሱ፣ አልሳሙ።
“ከቤታችን ፊት” አሉኝ “የውሃ ጉድጓድ ነበር፤
ገመዱን አሲዤ እኅቴን፣ ‘ቆይኝ’ ብያት ከዳር…
አምስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዘጠኝ፤
መርከቡ ሲጮህ ሰው ገፋኝ፣ ሰው አፈሰኝ፣ ሰው ወሰደኝ።
ከበሩ እስከ ጉድጓዱ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤
በልጅ እግር ማለቴ ነው።”

ስልሳ ሁለት ዓመት። ሳልፈልግ ደመርሁት።
እስካሁን ገመዱን ይዛ ትሆን? ይህን እርሳቸው አላሉም፤
እኔ ነኝ ያልሁት።

ስንመለስ እጅ ወጣ፤ አንድ፣ ሦስት፣ ስምንት፣ ዐሥር፤
የታክ ሙንሆ እጅ ግን ቀረ ከጠረጴዛው ሥር።
“ስሕተቱ ስንት ነው?” አሉ ቀና ሳይሉ።
“ዐሥራ አምስት ሜትር፤ ያውም ለእርስዎ ቅይጥ ምስጋና ይግባውና” አለ ኮሎኔሉ።
“ብዙ ነው” አሉ። “ስሕተቱ ብዙ ነው።” ድምፃቸው ሻከረ።
“አምስት ካልሞላ እደግፋለሁ።” እጃቸው ወጣ፤ እዚያው ቀረ፣
ሌላው ሁሉ ካወረደ በኋላ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበረ።

ንጹሑ ቅጂ ሲወጣ እንዲህ ይነበባል፦
“አባል ሰባት ደግፈው፣ ስሕተቱ ከአምስት ሜትር ይነስ ብለዋል።
ሐሳባቸው ተቀባይነት አግኝቷል።”
ጄኔራሉ ፈረሙበት፤ “አይ ታክ! ሁሌ ጥንቁቅ!” አሉ፤
ሁሉም ከእንጨቱ ሣጥን ስልካቸውን ተቀበሉ።

ደረጃውን ሲወጡ ከኋላቸው ነበርሁ፤
ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እርምጃቸውን ቆጠርሁ።
ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ቆም አሉ፤ ሳሉ።

ሳል አይጻፍም።