አርባ እጅ

በአስተርጓሚ አፍ ነው ሐኪሙ የነገረኝ፤
«ስድሳ እጁ ለወንድምህ፣ አርባው ላንተ» ሲለኝ
ሳቄ አመለጠኝ።

ይህቺን ክፍፍልማ ድሮም አውቃታለሁ፤
የአባታችን ማሳ ሲሄድ አይቻለሁ።

የሽምብራው መሬት በሜትር ተለክቶ፣
የካሳው ብር መጥቶ፣
በዳሳ ስድሳውን፣ በታላቅነቱ፤
እኔ አርባዬን ይዤ ወጣሁኝ ከቤቱ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ቃል ሳንለዋወጥ፣
ለቅሶ ብንገናኝ ጫፍና ጫፍ መቀመጥ።

ኮዬ ፈጬ ሜዳው ብሎክ አበቀለ፤
ባትሪ ሰጡኝና ስሜ «ጥበቃው» ተባለ።
ሌሊት፣ ሰው ሲተኛ፣ በጫማዬ ጫፍ እጭር ነበር፣
ሽምብራ ቀርቶ እንደሆን ከስሚንቶው ሥር።

ከዚያ የበዳሳ ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ ተነፋ።
ሰው ላከብኝ። ራሱ አልመጣም።
ደማችን ገጠመ።
ከስድሳው የተረፈው፣ የመኪናው ሽያጭ ተጨምሮበት፣
ህንድ አገር ወሰደን፤ ጎን ለጎን አስተኛን።

የእኛ ሰው ሲራራ «አንጀቴን» ይላል፤
ሲከፋው «ሆዴን» ነው፤ ሲቆርጥ «ልቤ» ይላል፤
ጉበትን ከሉካንዳ ውጪ ማን ስሙን ያነሣል?
መንጠቆ ላይ ውሎ፣ በቃሪያ ተከትፎ፣
ማንም ሳይምልበት ይሄዳል አልፎ።

ሦስት ወር ጀሪካን አታንሳ ተብዬ፣
ቱሉ ዲምቱ ክሊኒክ በጀርባ ተንጋልዬ፣
ልጅቷ ቀዝቃዛ ቅባት ጎኔ ላይ አፍስሳ
ስክሪኑን አየች። ዝም አለች። ደግሞ አየች።
«ሞልቷል» አለች።

«በቀለ?»
«አልበቀለም። የተቆረጠው እንደተቆረጠ ነው፤
ያደገው የቀረው ነው።
መልኩ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሥራው ግን ያው ነው።»

እንደ ባህር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል ብዬ ነበር እኔ፤
ለካስ የተረፈው ነው ቦታውን የሞላው
ድምፅ ሳያሰማ፣ በጎኔ።

መሬት ይህን አያውቅበትም፤
አርባዬ የካሳ ብር ክረምት አላሻገረችኝም።

ትናንት ማታ በዳሳ መጣ፤
ብሎካችን ሥር፣ ጣውላው ላይ ተቀመጠ።
ስለ ካሳው አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅኩ።
«በቀኜ ስተኛ ይከብደኛል» አለ። «ያንተው ነው መሰለኝ።»
«ስድሳ ነበር» አልኩት።
«አሁን መቶ ነው። ያንተስ?»
«መቶ።»
ጥቂት አሰበ፣ እንደማይገጥም ሂሳብ።
ከዚያ ባትሪዬን ከእጄ ወስዶ
አንድ ዙር ዞረልኝ።